ጥቆማ፦ አሮጌ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ ድራይቨሩ ከየት ይምጣ?

አሮጌ ላፕቶፕ ፎርማት ማድረግ በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ዊንዶውሱ ይጫናል፣ ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስክሪኑ ሁሉን ነገር አግዝፎ ያሳያል። ድምፅ የለም። ዋይፋዩ ጭራሽ አይታይም። የጎደለው ድራይቨር ነው፤ ማለትም ዊንዶውሱ እያንዳንዱን የማሽኑን ዕቃ እንዲያሠራ የሚያስችለው ትንሽ ፕሮግራም። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ግራ ይገባውና «ድራይቨር አውርድ» የሚል ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል።

ድራይቨር የሚገኝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም። እያነጻጸርኩ የምመክረውንና የማልመክረውን ልንገራችሁ። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ለአሮጌ ማሽን ከሁሉ የሚሻለው ድራይቨር፣ አሁን ማሽኑ ላይ ተጭኖ በደንብ እየሠራ ያለው ነው። ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይቃጠል በቅጠል

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የጫነ ማሽን ከሆነ ድራይቨሩን ባክአፕ ለማድረግ ምንም ፕሮግራም ማውረድ አያስፈልግም። ፒኤንፒዩቲል (pnputil) የሚባል ትንሽ መሣሪያ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል። መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) በአድሚኒስትሬተርነት ክፈቱ። የመሣሪያውን ስም ጻፉ፤ ቀጥሎ ኤክስፖርት ድራይቨር (/export-driver) የሚለውን ትዕዛዝ፣ ቀጥሎ «ሁሉንም» ለማለት የኮከብ ምልክት፣ መጨረሻ ላይ የፎልደሩን አድራሻ። ኢንተር። ድራይቨሮቹ አንድ በአንድ ሲገለበጡ ታያላችሁ። ዊንዶውስ 8.1 ላይ ዲዝም (DISM) የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ ይሠራል። ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ደብል ድራይቨር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እመክራለሁ። መልኩ ያረጀ ቢመስልም ሥራውን ያውቃል።

አዲሱ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀርን (የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈቱ። ድራይቨር ስለጎደለው ቢጫ ምልክት ያለበት ዕቃ ላይ ራይት ክሊክ፣ አፕዴት ድራይቨር፣ ከዚያ ከኮምፒውተሬ ልፈልግ የሚለውን ምረጡና ፎልደሩን አሳዩት። ንዑስ ፎልደሮችንም ጨምር የምትለዋን ሳጥን ምልክት ማድረግ አትርሱ። እሷ ከተረሳች ዊንዶውስ ውስጥ ድረስ ገብቶ አይፈልግም።

ሁለት ገደብ አለው። 32 ቢትና 64 ቢት የዊንዶውስ ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ከ32 ቢቱ የተገለበጠ ድራይቨር 64 ቢቱ ላይ አይሠራም። አሮጌ ማሽኖች ብዙ ጊዜ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ይዘው ስለሚገኙ ይህንን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ሌላው፣ የሚገለበጠው ድራይቨሩ ብቻ ነው። ብርሃን ሲጨመር ስክሪኑ ላይ ምልክት የሚያሳየው ወይም የታችፓዱን ሴቲንግ የሚያወጣው የአምራቹ ፕሮግራም አብሮ አይመጣም። እሱን ለብቻው መጫን ነው።

ባክአፕ ሳይደረግ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ ከሆነም ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ፓርቲሽኑ (ዊንዶውስ ያለበት የዲስኩ ክፍል) ሳይደመሰስ ዊንዶውስ በላዩ ተጭኖ ከሆነ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ኦልድ የሚል ፎልደር ይኖራል። ውስጡ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ድራይቨር ስቶር፣ ፋይል ሪፖዚቶሪ እያላችሁ ግቡ። የድሮዎቹ ድራይቨሮች እዚያ ቁጭ ብለዋል። ዲቫይስ ማኔጀርን ወደዚያ ጠቁሙት። ግን ፍጠኑ፤ ዊንዶውስ 10 ያንን ፎልደር ከ10 ቀን ገደማ በኋላ በራሱ ያጠፋዋል።

ኔትዎርኩ ካልሠራስ?

ስልካችሁ ይበቃል። አንድሮይድ ስልክን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን ሴቲንግ) አብሩ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ለዚህ የሚሆነውን ድራይቨር ራሳቸው ይዘው ስለሚመጡ ስልኩን እንደ ኔትዎርክ ካርድ ያዩታል። ስልኩ ራሱ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ከሆነም ያንኑ ዋይፋይ ለኮምፒውተሩ ያስተላልፋል። ዳታችሁ አይነካም ማለት ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም።

ዊንዶውስ አፕዴት ወይስ የአምራቹ ድረ ገጽ?

ለአዲስ ማሽን ቢሆን ያለ ማመንታት የአምራቹን እል ነበር። ለአሮጌ ማሽን ግን መልሱ ይለያል። አምራቾች ድራይቨር መሥራት የሚያቆሙት ማሽኑ ገበያ ላይ በነበረበት ዘመን ባለው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ይዞ ሊገኝ ይችላል።

በቅርብ እንየው። በ2011 በወጡት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ኤችዲ ግራፊክስ 3000 በኢንቴል በኩል ለዊንዶውስ 10 ይፋዊ ድራይቨር የለውም። ኢንቴል ጋ ሄዳችሁ ብትፈልጉ ባዶ እጃችሁን ነው የምትመለሱት። ዊንዶውስ 10 ን ኢንተርኔት ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ብትጠብቁት ግን አፕዴቱ የሚሆነውን አምጥቶ ይጭነዋል፤ ስክሪኑም ይስተካከላል። ወዲያው ካልመጣ ደግሞ ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ብዙ ድራይቨር የሚደበቀው እዚያ ነው።

የአምራቹ ድረ ገጽ የሚበልጠው ለማሽኑ ብቻ በተሠሩ ነገሮች ነው፦ የኤፍኤን ቁልፎች፣ የጣት አሻራ ማንበቢያ፣ ታችፓድ። ዴል ላይ ሰርቪስ ታጉን፣ ኤችፒና ሌኖቮ ላይ ሲሪያል ቁጥሩን ብታስገቡ የእናንተኑ ሞዴል ያወጣላችኋል። ለዊንዶውስ 10 የሚል ከሌለ ለ8.1 ወይም ለ7 የሚለውን ባለ 64 ቢት ውሰዱ። ማስጫኛው «ይህ ዊንዶውስ አይደገፍም» ብሎ ከተዘጋ ፋይሉን ሰቨን ዚፕ በሚባለው የታሸገ ፋይል መፍቻ ፕሮግራም ፍቱትና ዲቫይስ ማኔጀርን ወደተፈታው ፎልደር ላኩት። የድምፅ፣ የካሜራና የካርድ ማንበቢያ ድራይቨሮች በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይሠራሉ። ግራፊክስ ላይ ግን ቁጥብ ሁኑ።

አምራቹ ከገበያ ወጥቶም ይሆናል። ሶኒ የቫዮ ሥራውን በ2014 ሸጧል። የቶሺባ ላፕቶፖች ዛሬ ዳይናቡክ በሚል ስም ሥር ናቸው። ይህ ብዙም አያስደንግጣችሁ። ከላይ የተለጠፈው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ውስጥ ያሉት ቺፖች የኢንቴል፣ የሪልቴክ፣ የብሮድኮም ናቸው። የሚፈለገው ድራይቨርም የቺፑ ነው።

ያልታወቀው ዕቃ ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ይዘው የሚቀሩት ስማቸው ያስፈራል እንጂ አብዛኞቹ የታወቁ ናቸው። ኔትዎርክ ኮንትሮለር የሚለው ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ ነው። ኢተርኔት ኮንትሮለር የኬብሉ ነው። ኤስኤም ባስ ኮንትሮለር የቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፖች) ድራይቨር ሲጫን ይጠፋል። ፒሲአይ ሲምፕል ኮሚዩኒኬሽንስ ኮንትሮለር ኢንቴል ማሽን ላይ ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው የኢንቴል ውስጣዊ መቆጣጠሪያ ነው። ቤዝ ሲስተም ዲቫይስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያው ነው።

ስሙ ካልገባችሁ መለያ ቁጥሩን ያዙ። ዕቃው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ። የሚወጣው ጽሑፍ የአምራቹንና የዕቃውን ኮድ ይዟል። የአምራቹ ኮድ 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ። ያንን ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ በሚባለው የማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ለዚያ ቺፕ የተመዘገበ ድራይቨር ካለ ካብ በሚባል የታሸገ ፋይል ይወርድላችኋል። ፍቱትና እንደተለመደው ፎልደሩን አሳዩት። ከማይታወቅ ድረ ገጽ ከማውረድ ይህ እጅግ ይሻላል፤ ምንጩ ማይክሮሶፍት ራሱ ነውና።

አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ባይጫንም ምንም አይጎድልባችሁም። አሮጌ ዴል ላቲትዩድ ላይ መለያው ኤስኤምኦ8800 የሚል ያልታወቀ ዕቃ ካያችሁ፣ ላፕቶፑ ሲወድቅ ሃርድ ዲስኩ እንዳይጎዳ የሚያደርግ ሴንሰር ነው። ማሽኑ ወደ ኤስኤስዲ ተቀይሮ ከሆነ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ጥቅም የለውም። ለሱ ብላችሁ ሌሊት አታምሹ።

ሁሉን በአንድ የሚጭኑት

ኢንተርኔት በሌለበት ብዙ ማሽን ለሚሠራ ሰው የጎደሉ ድራይቨሮችን ፈልጎ የሚጭነውን ስናፒ ድራይቨር ኢንስቶለር ኦሪጅንን እመክራለሁ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሙሉው ጥቅል በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ስለሆነ ትልቅ ፍላሽ ይፈልጋል። ያ ከከበዳችሁ የኔትዎርክ ድራይቨሮቹን ብቻ አውርዱ፤ ኢንተርኔቱ ከተገኘ የቀረውን ዊንዶውስ አፕዴት ይጨርሰዋል። ግን አደራ፣ ሁሉንም ምረጥ የሚለውን አትንኩ። ሪስቶር ፖይንት (ነገሩ ከተበላሸ ዊንዶውሱን ወደነበረበት መመለሻ) ፍጠሩና የጎደለውን ብቻ ጫኑ። የሚሠራውን አትነካኩ።

ማስታወቂያ ላይ የሚመጡትን «ኮምፒውተርዎ ያረጁ ድራይቨሮች አሉት» የሚሉ ፕሮግራሞች ግን አልመክርም። በቀይ እየጻፉ ያስደነግጣሉ፤ ለማስተካከል ሲባል ክፍያ ይጠይቃሉ። የድራይቨር ቀን ማርጀት ደግሞ ብልሽት አይደለም። ለ2012 ማሽን የ2013 ድራይቨር የመጨረሻውም ትክክለኛውም ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡት የማይክሮሶፍት ድራይቨሮች ቀናቸው ጁን 21 ቀን 2006 ሆኖ ታያላችሁ። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የዕቃው አምራች የሠራው ድራይቨር ሲመጣ በቀኑ አዲስ ሆኖ ቅድሚያ እንዲያገኝ ነው። ቀን ብቻ አይቶ «አርጅቷል» የሚል ፕሮግራም ይህንን አያስረዳችሁም።

ግራፊክስ ካርድ ላይም «አዲሱን ላውርድ» ማለት አያዋጣም። አብዛኞቹ የኤንቪዲያ ጂፎርስ 400 እና 500 ካርዶች የመጨረሻ ድራይቨራቸው በ2018 የወጣው 391.35 ነው። ለ8፣ ለ9 እና ለ200 ሴሪ ደግሞ በ2016 የወጣው 342.01። ከዚያ በላይ ቁጥር ያለው ካርዱን አያውቀውም።

ዊንዶውስ 7 ለሚጭኑ

ለአንድ የተለየ ፕሮግራም ወይም ዕቃ ሲባል 7 ን የሚፈልጉ አሁንም አሉ። ማስጫኛው የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ፍላሹን ሰማያዊው (የዩኤስቢ 3) ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት መሃል ላይ የሲዲ ድራይቨር ጎድሏል የሚል መልእክት አምጥቶ ይቆማል። ጥቁሩ ላይ ሰክታችሁ እንደገና ጀምሩ። ድጋፉ በጃንዋሪ 2020 ስላበቃ ኢንተርኔት ላይ ባታውሉት ይመረጣል።

ሊኑክስስ?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ብዙ አሮጌ ማሽን ደግሞ የዊንዶውስ 11 ን መስፈርት አያሟላም። ለነዚህ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ከልቤ እመክራለሁ። አብዛኛው ድራይቨር ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ስላለ ለብቻው የሚፈለግ ነገር ጥቂት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ መሞከር መቻሉ ነው። በፍላሹ አስነሱትና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪን ብርሃኑን፣ ካሜራውን አንድ በአንድ እዩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ መነሳቱንም አረጋግጡ። ሃርድ ዲስኩ ገና አልተነካም።

የሚያስቸግረው በዋናነት ሁለት ነው። የድሮ ኤንቪዲያ ካርዶች ኑቮ በሚባለው ክፍት ድራይቨር ይሠራሉ፤ ለቪዲዮና ለቢሮ ሥራ ይበቃል፣ ለከባድ ጌም ግን አይሆንም። ሁለተኛው የብሮድኮም ዋይፋይ ነው። ለአንዳንዶቹ ቺፖች ድራይቨር ማኔጀር ውስጥ ገብቶ የብሮድኮምን ዝግ ድራይቨር መምረጥ ያስፈልጋል። እሱን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ፣ እዚህም ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሩ። ሊኑክስም ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል።