ወንድሜን ምን ልበለው?

እሁድ ከሥላሴ ቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። እሱ እግዜር የለም ካለ ሁለት ዓመቱ ነው። ድንቅነሽ ፊት ቆመን፣ «3.2 ሚሊዮን ዓመቷ በእሳተ ገሞራ አመድ ተለክቶ ነው የታወቀው። ያንቺ ትንሣኤ በምን ተለካ?» አለኝ።

«ይሄ የምታየው ቅጂ ነው፤ ዋናውን አጥንት አይተሃል?» አልኩት።

«አላየሁም። ያዩትን አምናለሁ።»

«እኔም ሐዋርያትን አምናለሁ።»

ዝም አለ። እኔ ግን እስካሁን ውስጤ አላረፈም። ሁለቱ ማመን አንድ ናቸው?

መልስ 1፦
አይደሉም፣ እህቴ። አመዱን ሌላ ባለሙያ እንደገና መለካት ይችላል። ስህተት ከተገኘ ቁጥሩ ይቀየራል። የትንሣኤን ምስክርነት እንደዚያ የሚፈትሽ የለም። እኔ ከእናቴ ጋር ዛሬም እጾማለሁ፤ ለእሷ ክብር ነው። አውቃለሁ ማለት ግን አልችልም።

መልስ 2፦
ልጄ፣ ያለፈ ነገር ሁሉ ተደግሞ አይለካም። አድዋን በምስክርና በሰነድ ነው የምናውቀው። ቶማስም ካልዳሰስኩ ሲል ጌታ አላባረረውም። ቤልጅየማዊው ቄስ ጆርጅ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው ብሎ ጻፈ፤ ቅስናውን አልተወም። ሳይንሱን ግን የእምነቱ ማስረጃ አላደረገውም። ይሄን ወድጄለታለሁ።

ጠያቂዋ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መልስ 1 ላይ ያለኸው ወንድሜም፣ የእናትህ ነገር ልቤን ነካው። ወንድሜ ለፋሲካ እቤት ይመጣል። ያን ቀን ክርክር አልጀምርም፤ ለምን እንደተወ ግን ረጋ ብዬ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን ጠይቄው አላውቅም።