የአሻንጉሊት ትያትራችን ልጆቹን ያስቃል፤ ስለ ወባ ግን አላስተማረም። ምን ይሻላል?

የፎገራ መምህርት (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ፎገራ ሜዳ ላይ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በእኛ አካባቢ ክረምቱ ከወጣ በኋላም የሩዝ ማሳው ውኃ እንደያዘ ይቆያል። መስከረም ሲጠባ ወባው ይነሣል፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከክፍሌ ባዶ መቀመጫ አይጠፋም። በ2024 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ስሰማ አልገረመኝም።

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ከካልሲና ከቁራጭ ጨርቅ በተሠሩ አሻንጉሊቶች ትያትር ያሳያል። ትንኟን የምትጫወተው ልጅ ድምፅዋ ግሩም ነው፤ ዘፈኗን ስትጀምር ግቢው በሳቅ ይናጋል። ሲያበቃ ግን «ምን ተማራችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የሚዘፍኑልኝ የትንኟን ዘፈን ነው። አጎበሩን የሚያነሣ የለም። አብዛኞቹም ወባ የሚይዘው የበቆሎ እሸት የበላ ሰው ነው ብለው ያምናሉ፤ ከቤት የሰሙት ነው። ደስታቸውን ሳልነጥቅ ቁም ነገሩን እንዴት ላስይዛቸው?

የልጆች ፕሮግራም ጸሐፊ

መምህርት፣ ልጆቹ የያዙት ዘፈን የተሰጠውን ገጸ ባሕርይ ነው፤ ልጅ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን ከትንኟ ይውሰዱና ለታላቅ እህት ይስጧት። ታላቅ እህት የምልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። በአፍሪካ በወባ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እናት ወጥ ስትሠራ ሕፃኑን አዝላ የምታስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያቺ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነች። ለእርሷ የሚጻፈው ታሪክ በገዛ እጇ የምትሠራውን ነገር ማሳየት አለበት። ረግረግ ማዳፈንም ሆነ ቤት ማስረጨት በእርሷ ሥልጣን አይደለም፤ የአጎበሩን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር መጠቅጠቅ ግን ትችላለች።

መድረኩ ላይ እውነተኛ አጎበር ይሰቀል። አልጋ አያስፈልግም፤ ልጆቹ የሚተኙት መደብ ወይም ሰሌን ላይ ከሆነ በዚያው ላይ ይዘርጋ። አንዲት ቀዳዳ ትኑረው። ትንኟ መብራት ከጠፋ በኋላ ትምጣ፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። አትዝፈን፣ አትናገር፤ ዙሪያውን እየዞረች ቀዳዳዋን ትፈልግ። ያን ጊዜ ተመልካቾቹ ልጆች ራሳቸው «እዚያ ጋ ነው! ዝጊው!» እያሉ ይጮኻሉ። እህትየው መርፌና ክር ይዛ እየሰፋች ትዝፈን፤ ትንኟም ሳይሳካላት ትመለስ። በዱላ ተመትታ እንድትሞት አያድርጉ፤ እንዲያ ከሆነ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ዱላውን ነው።

የእሸቱን ነገር ደግሞ አደራ፣ በመሳለቅ አያንሡት። አያቶቻችን እሸትና ወባ በአንድ ወቅት እንደሚመጡ በትክክል አስተውለዋል። በቆሎው ሲደርስ ጠባቂው ሌሊቱን ማማ ላይ ያድራል፤ የሚነከሰውም እዚያ ነው። አያት ያሉበት ትዕይንት ይኑር። «እሸት በልቶ ነው» ሲሉ የልጅ ልጃቸው «እሸቱንስ ሁላችንም በላን፤ ማማ ላይ ያደረው ግን አባባ ብቻ ነው» ትበላቸው። አያት አሰብ አድርገው «እውነትሽን ነው» ይበሉ። ልጁ ቤቱ ገብቶ ሳይፈራ ሊደግመው የሚችለው ይህን ዓይነት አነጋገር ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

እኅቴ፣ እኔ ከቤት ወደ ቤት ስዞር የማየውን ልጨምርልሽ። ቤት ውስጥ አንድ አጎበር ብቻ ካለ አባት ይተኛበታል። በትያትራችሁ ነፍሰ ጡሯ እናትና ሕፃኑ ቅድሚያ ሲያገኙ ይታይ፤ አባትየው ራሱ ቢለቅላቸው ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ሁለተኛው፣ የታመመው ልጅም አጎበር ውስጥ ይተኛ። ትንኟ ጥገኛ ተሕዋሲውን የምታገኘው ከታመመ ሰው ደም ነው፤ በሆዷ ውስጥ አድጎ ለሌላ ሰው ለመተላለፍ ደግሞ 10 ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በሽተኛውን ከትንኝ ንክሻ መጠበቅ ማለት ታናሽ ወንድሙን መጠበቅ ነው። ይህን ለልጅ በቃል ማስረዳት ያደክማል፤ በአሻንጉሊት ግን በአንድ ትዕይንት ይታያል።

ትኩሳት ሲጀምር በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ መምጣትንም አትርሺ። ልጆች ጣት መወጋትን ይፈራሉ፤ ስለዚህ አሻንጉሊቷ ጣቷን ስትሰጥ ይዩ። የ3 ቀኑን መድኃኒት በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ የሚያቋርጥ ብዙ ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው ስትውጥም ይዩ።

የድሬዳዋ ወላጅ

የእናንተ ታሪክ እኛ ጋ እንዳለ አይሠራም። ድሬዳዋ በ2022 እ.ኤ.አ. ወባ የተነሣው በደረቁ ወቅት ነበር። ያመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ ዝርያ ስትሆን፣ የምትራባውም በየግቢው በምናስቀምጠው በርሜልና ታንከር ውስጥ ነው። ረግረግና ሩዝ ማሳ የሚያሳይ ትያትር ያየ የከተማ ልጅ «እኛን አይመለከተንም» ይላል።

እኔ ለልጆቼ ጨዋታ ያደረግሁት የበርሜሉን ክዳን ከፍቶ መመልከትን ነው። የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ወለል ጋር ጋደም ብሎ ይታያል፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ልጆቹ ይህን ለመለየት ይሽቀዳደማሉ። ካዩ በኋላ ውኃውን ደፍተን፣ በርሜሉን ፍቀን አጥበን እንከድነዋለን። አሁን ክዳን ተከፍቶ ካገኙ የሚቆጡት እነሱ ናቸው።

የፎገራ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቀዳዳ የመፈለጉን ትዕይንት በዚህ ሳምንት እናለማመዳለን። ለመድረኩ ደህና አጎበር ከማንም ቤት አላስመጣም፤ አርጅቶ የተጣለ እንፈልጋለን። ድምፀ መልካሟን ልጅ ታላቅ እህት አደርጋታለሁ። የአያትን ንግግር ጽፌ እዚሁ አስቀምጣለሁ፤ አነጋገሩ የሽማግሌ ይሁን አይሁን እንድታዩልኝ እለምናለሁ።