ጥቆማ፦ የባለአንድ ጎማ ሳይክል ኮርቻ ላሠቃያችሁ ጀማሪ እህቶች (አዲስ አበባ)

«ባለአንድ ጎማ ሳይክል መልመድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። መውደቁን ችዬዋለሁ፣ ያልቻልኩት መቀመጫውን ነው። ለሴት የሚመች ኮርቻ የት ይገኛል? የሚያስተካክል ባለሙያስ ታውቃላችሁ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። አምና እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ብዬ አፍሬ ትቼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰርከስ ልጆች ጋር ነበር የምለማመደው። አሠልጣኛችን ጎበዝ ነው፣ ግን ወንድ ነው፤ «ትለምጂዋለሽ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። የሚለመድም አለ፣ የማይለመድም አለ። የመቀመጫ አጥንትሽ ላይ የሚሰማሽ ሕመም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ከፊት በኩል፣ ሥጋው ላይ፣ የሚያቃጥልሽ ወይም የሚያደነዝዝሽ ከሆነ ግን ልምድ አያድነውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለት ጎማ ያለው ሳይክል ላይ ክብደታችን ለእጅም፣ ለእግርም፣ ለመቀመጫም ይከፋፈላል። እዚህ መሪ የለም። ክብደታችን ኮርቻው ላይ ያርፋል፣ ማረፍም አለበት፤ ፔዳሉ ላይ ቆሜ ልንዳ ያለች ጀማሪ ጎማው ከሥሯ ያመልጣታል። ኮርቻው በጭን መሃል ስለሚያዝ ጠበብ ያለ፣ እንደ ሙዝ የታጠፈ ነው፤ ፊቱም ኋላውም ቀና ይላል። እኛን የሚፈጀን ያ ቀና ያለው የፊቱ አፍንጫ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ከፍታውን እዪ። ተቀምጠሽ ተረከዝሽን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታሳርፊ እግርሽ ቀጥ ለማለት ትንሽ ብቻ ሊቀረው ይገባል። ጀማሪ ሁላችን መውደቅ ፈርተን ዝቅ እናደርገዋለን፤ ያኔ ጭን ቶሎ ይደክማል፣ በየዙሩም ኮርቻው ላይ እንነጥራለን። የሚልጠን እሱ ነው። ቀጥሎ ኮርቻው ከጎማው ጋር አንድ መስመር መያዙን አረጋግጪ። ማጥበቂያው ከላላ በወደቅሽ ቁጥር ወደ ጎን ይዞራል። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ወደ ግራ በዞረ ኮርቻ ለፍቼ፣ አንዱ ጭኔ ብቻ ለምን እንደተላጠ የገባኝ ማታ ገላዬን ስታጠብ ነው።

መንገዱንም አትርሺ። ኮብልስቶን ላይ የሚለማመድ ሰው ምንም ኮርቻ አያድነውም፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ቀጥታ ወደ ላይ ይመጣል። ለስላሳ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ፈልጊ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» እሑድ ላይ ሲኖር መኪና የሌለበት አስፋልት ስለሚገኝ እኔ እሱን አላሳልፍም።

ልብስ። ጂንስ በፍጹም! ስፌቶቹ ሁሉ የሚገናኙት በትክክል በማይፈለገው ቦታ ነው። ፓድ ያለው የሳይክል ቁምጣ ግዢ፣ ከሥሩም የውስጥ ሱሪ አይለበስም። ይህን ስናገር የማይደነግጥ ሰው አላየሁም፤ ግን ቁምጣው የተሠራው ለዚያ ነው፣ የውስጥ ሱሪው ጠርዝና ስፌት ነው ቆዳ የሚፈጀው። በቁምጣ ብቻ መታየት የሚከብዳት ከላይ ሰፋ ያለ ቀላል ሱሪ ትደርብበት፣ እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው። ሰልባጅ ውስጥ ጥሩ ጥሩ የውጭ ቁምጣ ይገኛል፤ ፓዱን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፣ ተመልሶ ካልተነሣ ሞቷል፣ ተዪው። የሴት የሆነውን ምረጪ፣ ፓዱ ከኋላ ሰፋ ይላል። ከመውጣትሽ በፊት ጭንሽ መሃል ትንሽ ቫዝሊን፣ ከተመለስሽ ወዲያው ቁምጣውን ማውለቅና መታጠብ። በላብ የራሰ ቁምጣ ለብሶ ማኪያቶ መጠጣት የእኔ ስሕተት ነበር። የወር አበባ ሰሞን ደግሞ የሞዴሱ ክንፍ ጠርዝ ይፋቃል፣ ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ልምምድሽን አሳጥሪ ወይም እረፊ።

አሁን ወደ ዕቃው። መጀመሪያ የገዛሁት ከላይ የሚለበስ ጄል ሽፋን ነው፣ የመደበኛ ሳይክል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲነካ እንደ ቅቤ ነው። ሲቀመጡበት ግን አጥንት ያለበት ቦታ ይሰምጥና መሃሉ ወደ ላይ ተገፍቶ የሚያመውን ቦታ ይጫናል። ደግሞ ይንሸራተታል። ባለአንድ ጎማ የሚመራው በዳሌ ስለሆነ ኮርቻው ከሥርሽ ከተንሸራተተ ምንም ነገር አትቆጣጠሪም። ስፌቱ በሁለት ሳምንቱ ተተረተረ፣ አላዘንኩም።

ሁለተኛው ከመርካቶ የተገዛ ሰፊ የሴት የሳይክል ኮርቻ ነው። ይህንንም አልመክርም። የሳይክል ኮርቻ ሥሩ ሁለት ቀጭን የብረት ሐዲድ ነው ያለው፤ የኛው ደግሞ ጠፍጣፋ ብረት ላይ በአራት ብሎን ይታሠራል፣ ስለዚህ አይገጥምም። ብየዳ ቤት ወስጄ በግድ አስገጠምኩት። ስፋቱ ጭኔን ከፈተብኝ፣ በሦስተኛው ውድቀት ብየዳው ለቀቀ።

ያዳነኝ የመኪና ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ ነው። ሱማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ሞልተዋል፣ በየሰፈሩም አይጠፉም። የሄድኩባቸው ጋሼ ኮርቻውን አገላብጠው «የሞተር ነው?» አሉኝ። ባለአንድ ጎማ መሆኑን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ። የት ነው የሚያምሽ ሲሉ መናገር አቃተኝና ከጠረጴዛቸው ላይ ጠመኔ አንሥቼ ኮርቻው ላይ አሰመርኩት፤ ከአፍንጫው ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ እስከ መሃል። «በቃ፣ ገባኝ» አሉ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ሽፋኑን ፈቱ፣ ስፖንጁን አወጡ፣ የጠመኔውን መስመር ተከትለው በቢላዋ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው ቦይ አወጡለት። ከኋላ፣ አጥንት የሚያርፍበት ላይ፣ ከመኪና ወንበር የተረፈ ጠንካራ ስፖንጅ በማስቲሽ ለጠፉ። ለስላሳውን ሳሳያቸው «እሱ ለትራስ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ጠንካራው ነው የሚሸከመው። ከላይ ስፌቱ መሃል ላይ እንዳይመጣ አንድ ወጥ ጨርቅ አለበሱት። ቆዳ መሰሉን ላስቲክ ጠይቄ ነበር፣ ግን ላብ ሲነካው ያንሸራትታል ብለው ከለከሉኝ። የከፈልኩት ለጄሉ ካወጣሁት ያንሳል። እስካሁን የምነዳው በሱ ነው።

ኮርቻውን በአየር የመሙላት ነገርም አለ፣ ከቆዩ ነጂዎች የሰማሁት። የሕፃን ሳይክል ባለ 12 ኢንች ከመነዳሪ (አየር የሚሞላው የውስጥ ላስቲክ) አጣጥፎ ከሽፋኑ ሥር ማስገባትና በትንሹ መንፋት። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ይገኛል፣ ጎሚስታ ጋ ቀዳዳውን አስፈትሺ። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ምቹ ነው። ለጀማሪ ግን ይወዛወዛል፣ እኔ በሁለተኛው ቀን አወጣሁት።

ከውጭ የሚያመጣልሽ ሰው ካለሽ ኒምበስ የሚባለው ብራንድ ጄል ያለበት ኮርቻ አለው፣ የጀርመኑ ኩ-አክስም ብዙ ዓይነት አለው። ክሪስ ሆልም ፍሪራይድ የሚባለው መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው፣ የእኛ ጋሼ በቢላዋ የሠሩትን ማለት ነው። ያለ ጥርጥር ጥሩ ናቸው። ግን መልመድሽን ሳታረጋግጪ ያን ያህል ብር አታውጪ። ኮርቻው የሚቆምበትን ቱቦ ጨምረሽ የምታስመጪ ከሆነ ውፍረቱን በካሊፐር አስለኪ፤ 22.2፣ 25.4 እና 27.2 ሚሊ ሜትር አለ፣ በዓይን ይመሳሰላሉ።

— ያላነሣሽው አንድ ነገር አለ፣ እህቴ። እኔ ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። አፍንጫው ከፍ ብሎ የሚያስቸግር ከሆነ ስፖንጅ ከመቁረጥ በፊት ሮንዴላ (ብሎን የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ ብረት) ሞክሩ። አራቱን ብሎን ፈትታችሁ በኋለኞቹ ሁለት ላይ፣ በኮርቻውና በጠፍጣፋው ብረት መካከል፣ ሁለት ሁለት ሮንዴላ አስገቡ። ኋላው ከፍ ሲል ፊቱ ዝቅ ይላል። ብዙ አታድርጉት፣ ወደ ፊት ያንሸራትታችኋል።

— ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ! ይህን አምና ብትነግረኝ ኖሮ።

— ጠያቂዋ ነኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ኮርቻውን ሦስት ጣት ከፍ አደረግኩት፣ ጭኔ ላይ ያለው ቀነሰ። የፊቱ ግን እንዳለ ነው፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይደነዝዘኛል። ልቀጥል ወይስ ልረፍ?

— ሲደነዝዝ ወዲያው ውረጂ፣ እልህ አትጋቢ። ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ብቻ ኮርቻው ላይ ውጪ፤ ልምምድሽንም አሥር አሥር ደቂቃ አድርጊው፣ መሃል ላይ በእግርሽ ተራመጂ። እብጠት ወይም ሽንት ስትሸኚ ማቃጠል ካለና በቀናት ውስጥ ካልሄደ ግን የማሕፀን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ሳይክል እየነዳሁ ነው ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። እስከዚያው የወንድማችንን ሮንዴላ ሞክሪ። ልትገዢ ስትሄጂ ብሎኑን ይዘሽ ሂጂ፤ ሮንዴላ ሲጨመርበት ብሎኑ አጥሮ ዳዶውን በደንብ የማይዝ ከሆነ ረዘም ያለ ብሎንም አብረሽ ትገዣለሽ።