4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አካፋይ አለው?

ወረቀትና_እርሳስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ይህ ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። 32 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መደመር ነው፤ በአጭሩ 2³² + 1። የአሃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ ለ3 አይካፈልም። መጨረሻው 7 ነውና ለ5ም አይሆንም። 7፣ 11፣ 13 እያልኩ ብቀጥልም ሁሌ ቀሪ ይተርፋል። ኮምፒውተር በቅጽበት እንደሚነግረኝ አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ግን መንገዱን ነው። ሁሉንም ሳልሞክር በእጄ የምደርስበት ዘዴ አለ?

ቀሪ_ዜሮ፦
አለ፤ በጣም ደስ የሚል! የሂሳብ ሊቁ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ 2¹ + 1፣ 2² + 1፣ 2⁴ + 1፣ 2⁸ + 1 እና 2¹⁶ + 1ን፣ ማለትም 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን ይዞ (ሁሉም ብቸኛ ናቸው) ቀጣዩም፣ ማለትም ያንተው ቁጥር፣ ብቸኛ ነው ብሎ ገመተ። በ1732 ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር 641 እንደሚያካፍለው አሳየ።

ቁልፉ ይህ ነው፦ ያንተን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። 7፣ 11 እና 13 ድሮም ዕድል አልነበራቸውም። ተራውን ቁጠር፦ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641። 129፣ 385 እና 513 ራሳቸው ስለሚካፈሉ ይወጣሉ።

641ን ለማረጋገጥ ረጅም ማካፈል አያስፈልግህም። 640 = 5 × 2⁷፤ ከ641 በ1 ያንሳል። ስለዚህ 640⁴ ለ641 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 640⁴ ማለት ደግሞ 5⁴ × 2²⁸ ነው። 5⁴ = 625 = 641 − 16። በ625 ቦታ −16ን ተካ፤ −2³² ይሆናል። ይህም ቀሪው 1 ነው። እንግዲህ 2³² + 1 ለ641 እኩል ይካፈላል። ይህች ማረጋገጫ ስንቴ ባያት አትሰለቸኝም።

ወረቀትና_እርሳስ፦
ወይ ጉድ፣ እንዴት ታምራለች! ግን 257ን ለምን ዘለልከው?

ዳግም_ዘር፦
እሱን እኔ ልመልስ። ከቁጥርህ 2 ቀንስ። 4,294,967,295 = 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቁጥር በደንብ ያውቁታል፤ በ32 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ነው። እንግዲህ ያንተን ቁጥር ለ257 ብታካፍል ቀሪው 2 ነው። ለሌሎቹ አራቱም እንደዚያው።

ሌላኛው አካፋይ 6,700,417 ነው። እሱስ ብቸኛ ነው? የሱም አካፋዮች ያንኑ የ128 ደንብ ይከተላሉ። ዳግም ዘሩ 2,588 ገደማ ስለሆነ ከ257 ሌላ የሚፈተኑት 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው።

ወረቀትና_እርሳስ፦
አራቱንም አሁን በእጄ ሠራኋቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው። ስለዚህ 6,700,417 ብቸኛ ነው። አመሰግናለሁ፤ ወደ 2⁶⁴ + 1 ልሻገር ነው።