ለአነስተኛ የአበባ እርሻ ኢንሹራንስ፦ ባንኩ ካስገባን ፖሊሲ ሌላ ምን እንግዛ?

ሁለት_ሄክታር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሆለታ አካባቢ 2 ሄክታር እርሻ አለን፤ አንዱ ሄክታር በእንጨት ግሪንሃውስ ያለ ሮዝ፣ ሌላው ሜዳ ላይ የተተከለ ሃይፐሪከም (ለፍሬው የሚቆረጥ የጌጥ ተክል) ነው። አንድ ኮልድ ሩም (ማቀዝቀዣ ክፍል)፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ አይሱዙ፣ 35 ቋሚ ሠራተኞች፣ በሥራ ወቅት ደግሞ የቀን ሠራተኞች አሉን። ያለን መድን ባንኩ ለብድሩ ብሎ ያስገባን የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ፣ ከዚያ ውጪ የመኪናው ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። ሁሉንም ለመግዛት የአረቦን አቅም የለንም። በረዶ፣ ንፋስ፣ የኮልድ ሩም ብልሽት፣ በካርጎ ላይ የሚበላሽ አበባ፣ የሠራተኛ አደጋ፤ የትኛውን እናስቀድም? አበባው ራሱስ መድን ይገባለታል?

አረቦን

አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ፖሊሲ ከፋይሉ አውጥታችሁ አንብቡት። የባንክ ፖሊሲ የሚጠብቀው ባንኩን ነው። ካሳ ሲመጣ ቀድሞ የሚከፈለው እሱ ነው፤ የመድኑ መጠንም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በብድሩ ልክ እንጂ በንብረቱ ዋጋ ልክ አይደለም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ንብረቱ 18 ሚሊዮን ብር እያወጣ ፖሊሲው ላይ 9 ሚሊዮን ከተጻፈ፣ የ4 ሚሊዮን ብር ጉዳት ሲደርስ «9 ሚሊዮን ድረስ ተሸፍኛለሁ» ማለት አይሠራም። መድን ሰጪው ግማሹን ብቻ እንደያዘ ቆጥሮ ካሳውን 2 ሚሊዮን ያደርገዋል። በውሉ ያለው ተቀናሽ 10 ከመቶ ከሆነ 200 ሺህ ይነሣለትና 1.8 ሚሊዮን እጃችሁ ይገባል። ሌላው የእናንተ ኪሳራ ነው።

ግምቱ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ከሆነ ያለጥርጥር አንሷል። ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ፕላስቲኩ፣ የድሪፕ መስመሩ፣ የኮልድ ሩሙ ኮምፕሬሰር ሁሉም በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። አዲስ ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ የመድኑን መጠን አስተካክሉ። ጭማሪው አረቦኑን ከፍ ቢያደርገውም አዲስ ፖሊሲ ከመግዛት ይቀድማል፤ ጎዶሎ ግምት ላይ የተደረበ ሽፋን ሁሉ ጎዶሎ ካሳ ነው የሚከፍለው።

ግሪንሃውሱን «አንድ ግሪንሃውስ» ብላችሁ በጅምላ አታስመዝግቡ። እንጨቱ፣ ፕላስቲኩ፣ የመስኖ መስመሩ፣ የማዳበሪያ ማደባለቂያው እያንዳንዱ ለብቻው ዋጋ ይጻፍለት። የእንጨቱና የፕላስቲኩ ዕድሜ አይገናኝም፤ በጅምላ ከሆነ የመድን ድርጅቱ ጉዳት ገማች በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የእርጅና ቅናሽ ይጥላል። ባለ 200 ማይክሮን ፕላስቲክ በካሬ ሜትር 184 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለ1 ሄክታር ጣሪያና ግድግዳ ከ13,000 እስከ 14,000 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ ይህ 2.5 ቶን አካባቢ ነው። ፕላስቲክ የሚሸጠው በኪሎ ስለሆነ ዋጋውን በዚህ አስሉት። 3 ዓመት የሚያገለግል ፕላስቲክ 2 ዓመት ከሠራ በኋላ በበረዶ ቢበሳ፣ በገበያ ዋጋ የተጻፈ ፖሊሲ የሚከፍለው ሲሶውን ያህል ነው። በመተኪያ ዋጋ፣ ማለትም አዲሱ በሚገዛበት ዋጋ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ለፕላስቲኩ እምቢ ቢሏችሁ እንኳ ለመዋቅሩና ለመሣሪያው ተከራከሩ።

እሳትና መብረቅ የሚለው ፖሊሲ በረዶን አያውቅም። በረዶ፣ ዐውሎ ነፋስና ጎርፍ በኢንዶርስመንት (በፖሊሲው ላይ በሚጨመር ቅጥያ) ስማቸው ተጠርቶ መግባት አለባቸው። ሁከትና አድማም እንዲሁ ይጨመራል፤ ግን ወደ ሕዝባዊ ዐመፅ ያደገ ግጭት ከዚህ ቅጥያ ውጪ ነው። በነሐሴ 2008 ባሕር ዳር አካባቢ በአበባ እርሻ ላይ የደረሰው ዓይነት ቃጠሎ የሚያሳስባችሁ ከሆነ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባለው ሽፋን ለብቻው ነው የሚገዛው።

አንድ ነገር ደግሞ አትደብቁ፤ መዋቅሩ የባሕር ዛፍ እንጨት መሆኑን በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉ። የናይትሬት ማዳበሪያ ከናፍጣ ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ ካለ ሰርቬየሩ (የመድን ድርጅቱ መርማሪ) ሳይመጣ ለዩት። ናይትሬት እሳትን የሚያባብስ ስለሆነ አደጋ ቢደርስ የካሳ መከልከያ የሚሆነው ይኸው ነው።

ቀዝቃዛ_ሰንሰለት

ስለ ኮልድ ሩምና ስለ ካርጎ ልጨምር።

ለኮልድ ሩም ሁለት ፖሊሲ ነው ያለው። የማሽነሪ ብልሽት የሚባለው ኮምፕሬሰሩን ይጠግናል፤ ውስጥ ያለውን አበባ አይከፍልም። አበባውን የሚከፍለው በማቀዝቀዣ ያለ ዕቃ መበላሸት የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ የመጀመሪያው ከሌለ አይሸጥም። ውሉ ላይ ካሳ የማይጠየቅበት ሰዓት የሚል አለ። ይህ ክፍሉ ተዘግቶ ዕቃው ሳይበላሽ ይቆያል ተብሎ የሚታሰበው ጊዜ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ሥጋንና የመሳሰለውን ታስቦ ነው። ከ2 እስከ 4 ዲግሪ መቆየት ያለበት ሮዝ ግን አንድ ሙሉ ቀን አይጠብቅም። ሰዓቱን በድርድር አሳጥሩት፤ ካልሆነ ፖሊሲውን ባትገዙት ይሻላል። የመብራት መቋረጥም በራሱ አይካተትም፤ የሕዝብ መብራት መጥፋትን የሚጨምር ኢንዶርስመንት ጠይቁ። ጄኔሬተሩ ራሱ የሚነሣ ካልሆነና ሌሊት የሚያስነሣው ሰው ከሌለ ይህንን አያጸድቁላችሁም። የሙቀት መዝገብ ቢያንስ ጠዋትና ማታ ተፈርሞበት ይቀመጥ። መዝገቡ ውስጥ የተዘለለ ሳምንት ካለ ካሳው የሚቀረው በዚያ ነው።

የካርጎ መድን ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። የተለመደው የአየር ካርጎ አንቀጽ በመዘግየት የመጣ ጉዳትንና ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ የመጣ ብልሽትን አይከፍልም። አበባ ደግሞ በብዛት የሚበላሸው በእነዚሁ ነው፤ በረራ ይዘገያል፣ ሳጥን ውስጥ ላብ ይፈጠራል፣ ቦትራይተስ የሚባለው ሻጋታ ይወጣል፣ «የአበባው ባሕርይ ነው» ይባላል። ስለዚህ ለመዘግየት ያለው መንገድ አየር መንገዱን በቀጥታ መጠየቅ ነው። ኢትዮጵያም ኔዘርላንድስም በ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት (የአየር አጓጓዦችን ተጠያቂነት የሚወስን ዓለም አቀፍ ውል) ውስጥ ናቸው። አጓጓዡ በኪሎ እስከ 26 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ተጠያቂ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. 22 ነበር። 600 ኪሎ ብትልኩ ጣሪያው 15,600 ኤስዲአር ይሆናል፤ ከአበባው ዋጋ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ጣሪያው አይደለም የሚያስቸግረው፣ ማስረጃና ቀነ ገደብ ነው። ለጉዳት ዕቃው ከደረሰ በ14 ቀን፣ ለመዘግየት ዕቃው ለተቀባዩ ዝግጁ ከሆነበት በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤቱታ ካልገባ መብቱ ይወድቃል። አምስተርዳም ያለው ወኪላችሁ ይህንን በስማችሁ የሚያስገባበት ውክልና ከአሁኑ ይኑረው።

ሳጥን ውስጥ የሚገባው የሙቀት መመዝገቢያ በሳጥኑ መሃል፣ በግንዶቹ መካከል ይሁን። ከግድግዳው ጋር የተለጠፈው የሚለካው የውጪውን አየር ነው፤ «ይህ የመጋዘኑ ሙቀት ነው» ተብሎ ይጣልባችኋል።

በጨረታ የምትሸጡ ከሆነ አበባው እስኪሸጥ ድረስ የእናንተ ነው፤ አደጋውም የእናንተ ነው። ዋጋው አስቀድሞ ስለማይታወቅ በመድኑ ላይ «ያለፉት አራት ሳምንታት አማካይ የጨረታ ዋጋ» የሚል ስምምነት አስጽፉ። ለገዢ በቀጥታ ቦሌ ላይ የምታስረክቡ ከሆነ ግን ከርክክብ በኋላ ያለው የገዢው ነው፤ በእናንተ ላይ የሚቀረው ከእርሻው እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ብቻ ስለሆነ የአገር ውስጥ ጉዞ መድን ይበቃችኋል።

ሰው_ይቅደም

ከላይ ያሉት ትክክል ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። የሠራተኛው መጀመሪያ ይሁን። ፕላስቲክ ቢቀደድ እርሻው ይጎዳል፤ ሠራተኛ ቢጎዳ ቤተሰብ ይራባል። በሕግም ቢሆን የካሳው ኃላፊነት የአሠሪው ነው። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፦ የሕክምና ወጪ፣ ከዚያም ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለባቸው የመጀመሪያ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት 75 ከመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት 50 ከመቶ። በጡረታ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ የ5 ዓመት ደመወዝ ነው፤ በወር 3,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 180,000 ብር ይሆናል። ለቀን ሠራተኞቻችሁ በሙሉ ይህንን አስቡት።

አረቦኑ የሚሰላው በዓመት ደመወዝ ላይ ስለሆነ ከሌሎቹ ቀላል ነው። የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ከዝርዝሩ አታውጡ፤ ያልተገለጸ ሠራተኛ ሲጎዳ ፖሊሲው የለም ማለት ነው። ለርጭት ሠራተኞች ደግሞ «አደጋ» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። በኬሚካል ቀስ በቀስ የሚመጣ መመረዝ አደጋ አይደለም ተብሎ ይከለከላል፤ የሥራ በሽታም እንዲካተት በጽሑፍ ይግባ።

ሁለት_ሄክታር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። የሜዳው ሃይፐሪከም ቀረ። ለገበሬ የሚሸጠው የአየር ሁኔታ መድን ለእኛ አይሆንም?

አረቦን

በሠራተኛው ጉዳይ ተስማምቻለሁ፤ እሱ ይቅደም።

የአየር ሁኔታ መድን ለእናንተ አይሆንም። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ ለጤፍ የተጀመረውም፣ በቦረና ለከብት የሚሸጠውም የሚከፍለው በሳተላይት የሚለካ የዝናብ ወይም የሣር ልምላሜ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ነው። የእናንተ አደጋ ድርቅ አይደለም። በረዶ የአንዱን ማሳ መትቶ የጎረቤቱን ይተዋል፤ ሳተላይቱ የሚያየው ጥሩ ዝናብ ነው። በፕላስቲክ ሥር ያለውን ሮዝ ደግሞ ጭራሽ አያየውም።

የሚሻለው ማሳው ላይ ያለው ሰብል በንብረት ፖሊሲው ውስጥ ራሱን የቻለ ዝርዝር ሆኖ፣ በወጣበት ወጪ እንዲገባ መደራደር ነው። ሃይፐሪከም በበረዶ አይሞትም፤ ምርቱ ግን ይጠፋል፣ እንደገና ተቆርጦ እስኪደርስ ከ4 እስከ 5 ወር ይፈጃል። «የተክል ሞት» ብቻ የሚል ውል ለእሱ ምንም አይከፍልም። ከመጨረሻው ቆረጣ ጀምሮ የወጣው ማዳበሪያ፣ ኬሚካልና የሠራተኛ ወጪ እንዲከፈል ይጻፍ፤ ወጪውንም በየብሎኩና በየሳምንቱ መዝግቡ። ይህንን እምቢ ካሏችሁ ገንዘቡን ከክረምት በፊት በረዶ መከላከያ መረብ ላይ አውሉት። ውርጭን ብዙዎቹ አያስገቡም፤ ለሆለታ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ሌሊት ስለሚያሰጋ ቢያንስ ጠይቁ።

በረዶ የጣለ ዕለት ምን እንደሚደረግ ከአሁኑ ለኃላፊው ንገሩት። በዕለቱ ለመድን ድርጅቱ በስልክም በደብዳቤም ይታወቅ። ፎቶው በረዶው መሬት ላይ እያለ ይነሣ። ከፕላስቲኩ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮች ተቆርጠው ቀንና የብሎክ ቁጥር ይጻፍባቸው። ገማቹ መጀመሪያ የሚለው «ፕላስቲኩ አርጅቶ ነው የተቀደደ» ነው፤ መልሱ ያለው ቁራጩ ላይ ነው። በበረዶ የተበሳው ክብ ወይም ኮከብ መሰል ቀዳዳ ሆኖ ጠርዙ ነጣ ይላል፣ የሚበዛውም ንፋሱ በመጣበት ተዳፋት ላይ ነው። በእርጅና የተቀደደው ግን ፕላስቲኩ እንጨቱን በሚነካበት መስመር ተከትሎ ይሄዳል፤ ፀሐይ ያጋለው እንጨት ቀድሞ የሚጨርሰው እዚያ ነው። ገማቹ ሳያይ አዲስ ፕላስቲክ አትዘርጉ፤ ግን ዝናብ የሚገባበትን በሸራ ጊዜያዊ ሽፈኑት፣ አለዚያ በኋላ የመጣው ጉዳት የእናንተ ቸልተኝነት ተብሎ ይቀነሳል። የሸራውንና የጉልበቱን ደረሰኝ ከካሳ ጥያቄው ጋር አያይዙት።