ኦቨን የማይፈልግ የሎሚና የብርቱካን ድርብርብ ጣፋጭ፦ ሲቆረጥ እንዳይፈስ ምን ይደረግ?

ማጀት (ጠያቂ)
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ለቤተሰብ፣ ለ10 ሰው የሚበቃ ኦቨን ውስጥ የማይገባ ጣፋጭ ልሠራ ነው። ከታች ብስኩት፣ መሃሉ የሎሚ ክሬም፣ ከላይ ደግሞ የረጋ የብርቱካን ጭማቂ። ኮንደንስድ ሚልክ፣ ክሬም፣ ደረቅ ብስኩት፣ የገበታ ቅቤ፣ ሎሚና ብርቱካን አለኝ። ዕቃዬ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ትሪ ነው። መጠኑን ንገሩኝ። ክሬሙ ያለ ጀላቲን በቢላ እስኪቆረጥ ይረጋል ወይ? የላዩ ብርቱካን ክሬሙ ውስጥ እንዳይሰምጥስ? ዋዜማውን ሠርቼ ባሳድረው ብስኩቱ ይላሽቃል ወይስ ይሻላል?

ወለላ
ይረጋል፤ ጀላቲን የግድ አይደለም። ወተቱን የሚያረጋው ሎሚው ራሱ ነው። የሎሚ አሲድ የወተቱን ፕሮቲን ያያይዘዋል፤ ኮንደንስድ ሚልክ ደግሞ ወፍራምና ስኳሩ የበዛ ስለሆነ እንደ ተራ ወተት ተቆራርጦ ውሃው አይለይም፣ ለስልሶ ይወፍራል እንጂ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቢ።

ለዚያ ትሪ የሚሆነው መጠን፦

ለሥሩ 200 ግራም ብስኩት በደንብ ተፈጭቶ፣ 90 ግራም የቀለጠ ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው።
ለመሃሉ 1 ጣሳ (400 ግራም ገደማ) ኮንደንስድ ሚልክ፣ 130 ሚሊ ሊትር የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ፣ 500 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ በክሬሙ መሃል የሚነጠፍ ያልተፈጨ ብስኩት።
ለላዩ 400 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ 50 ግራም ስኳር፣ 32 ግራም የበቆሎ ስታርች፤ ይህም 4 ልክ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው።

ፍርፋሪውን ከቅቤው ጋር አሽተሽ ትሪው ላይ አንጥፊና ሥሩ ጠፍጣፋ በሆነ ብርጭቆ ጠቅጥቂው፤ በተለይ ጠርዝ ጠርዙን። በእጅ ስትጨብጪው ካልተያያዘ ቅቤ አንሶታል፤ አንድ ማንኪያ ጨምሪ። 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

እስከዚያው ኮንደንስድ ሚልኩ ላይ ሎሚውን በሦስት ጊዜ እያፈሰስሽ አማስይ። መጀመሪያ የሚቀጥን ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ማንኪያው ዱካ እየተወ ያልፋል። ከዚያ ነው ለብቻው የተመታው ክሬም የሚገባው። ሎሚን ያልተመታ ክሬም ላይ በቀጥታ ካፈሰስሽ ግን ሊቆራረጥ ይችላል።

የሎሚውን ልክ በፍሬ አትቁጠሪ። ትንሹ ክብ ሎሚ 15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ ነው፣ ትልቁ 40 እና ከዚያ በላይ ይወጣዋል። በሚሊ ሊትር ለኪ።

ቀዝቃዛ ሳህን
ወለላ ባለው ላይ ስለ ክሬሙ ልጨምር፤ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። ካርቶኑን አገላብጠሽ የስቡን መጠን አንብቢ። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ለወጥና ለሾርባ ማወፈሪያ እንጂ ለመምታት አይሆንም፤ ሚክሰሩ ቢቃጠልም አያነሳም። 35 በመቶ ምርጥ ነው። ክሬሙ ሌሊቱን ፍሪጅ ይደር፤ ጎድጓዳ ሳህኑና መምቻውም 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ይግቡ። አየሩን አቅፎ የሚይዘው የቀዘቀዘ ስብ ነው፣ ሲሞቅ ይለቀዋል።

መካከለኛ ፍጥነት ላይ ምቺ። የመምቻው መስመር ክሬሙ ላይ ቁልጭ ብሎ መታየት ሲጀምር ፍጥነቱን ቀንሺ። መምቻውን ስታነሺ የሚወጣው ጫፍ ቆሞ አፍንጫው ትንሽ ጎንበስ ካለ አቁሚ። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ እህል እህል ይላል፣ ቀጥሎ ቅቤና ውሃ ሆኖ ይለያያል። እህል እህል ማለት ብቻ ከሆነ 2 ማንኪያ ያልተመታ ቀዝቃዛ ክሬም ጨምረሽ በእጅ ቀስ ብለሽ ብታማስዪው ይመለሳል። ቅቤ ከሆነ ግን ዳቦ ላይ ቀቢውና ሌላ ክሬም ክፈቺ።

ስታዋህጂ አንድ ሦስተኛውን ክሬም ሎሚው ውስጥ እንደ ልብሽ አማስይ፤ ማላላት ብቻ ነው። የቀረውን በላስቲክ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጥሽ፣ ሳህኑን እያዞርሽ። ነጭ መስመር ሲጠፋ በቃ።

ስለ መሃሉ ብስኩት ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ ወተት ወይም ጭማቂ ውስጥ መንከር አያስፈልግም። የሚያድር ከሆነ ከክሬሙ የሚወጣው እርጥበት ይበቃዋል፤ 8 ሰዓት ውስጥ ልክ እንደ ኬክ ይለሰልሳል። የሚላሽቀው ነክረሽ ስታሳድሪው ነው። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚበላ ከሆነ ብቻ እያንዳንዱን ለአንድ ሰከንድ ብርቱካን ጭማቂ ንካ አድርጊ።

ማጀት
እግዜር ይስጥልኝ። ሚክሰር የለኝም፣ የእጅ መምቻ ነው ያለኝ። ደግሞ ቀኑ ሞቃት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ መቆየቱ አይቀርም። እንደዚያ ከሆነ ጀላቲን ልጨምር?

ልጣጭ
በእጅ ይሆናል። ክሬሙን ለሁለት ከፍለሽ ምቺ፤ ሳህኑን በረዶ የገባበት ውሃ ላይ አስቀምጪው።

ለሙቀቱ ጀላቲን መጨመር ተገቢ ነው፤ 6 ግራም ዱቄት ጀላቲን ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። 30 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትነሽ 5 እስከ 10 ደቂቃ ተዪው፤ ሲያብጥ ሙቅ ውሃ ላይ ባስቀመጥሽው ሳህን አቅልጪ። አይፍላ፤ ፍላት የማርጋት ጉልበቱን ያዳክመዋል። ከቀለጠ በኋላ በቀጥታ ቀዝቃዛው ላይ ካፈሰስሽው ክር ክር ሆኖ ይረጋል። መጀመሪያ 3 ማንኪያ የሎሚ ወተት ከጀላቲኑ ጋር አዋህጂ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ መልሺ፣ ክሬሙ በመጨረሻ።

ብርቱካንና ሎሚ ጀላቲንን አይበሉትም። ጥሬ አናናስ፣ ኪዊና ፓፓያ ናቸው ፕሮቲን የሚበትን ኢንዛይም ያላቸው። ለጌጥ እነሱን የምታስቢ ከሆነ ይቅሩ፣ ወይ በጣሳ የታሸገ አናናስ ይሁን፤ እሱ በሙቀት ያለፈ ነው።

ስለ ልጣጩ ማንም አላነሳም! የሎሚው መዓዛ ያለው ጭማቂው ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ ነው። ሳትጨምቂ በፊት፣ ፍሬው ድፍን ሳለ፣ በደቃቁ መፈቅፈቂያ ቀለም ያለውን ብቻ አንሺ። ነጩ ሲታይ ፍሬውን አዙሪ፤ መራራው እሱ ነው። የ2 ትልልቅ ሎሚ ፍቅፋቂ በ1 ማንኪያ ስኳር በጣትሽ እሺው፤ ስኳሩ ረጥቦ ሽታው ሲያውድሽ ዘይቱ ወጥቷል ማለት ነው። ኮንደንስድ ሚልኩ ውስጥ ይግባ።

ወለላ
የላዩ ብርቱካን ቀርቶ ነበር። ስታርቹን በቀዝቃዛው ጭማቂ በጥብጪ፤ ትኩስ ላይ ከገባ ይጓጉላል። ስኳሩን ጨምረሽ መካከለኛ እሳት ላይ ሳታቋርጪ አማስይ። ደመና የመሰለው ጠርቶ ማብረቅረቅ ሲጀምርና ቡልቅ ቡልቅ ሲል 1 ደቂቃ ብቻ ጨምሪና አውርጂ። ብዙ ከፈላ አሲዱ ስታርቹን ሰባብሮ መልሶ ያቀጥነዋል። ሎሚ ጠብ ማድረግ ከፈለግሽም ከእሳት ከወረደ በኋላ ይሁን። በወንፊት አሳልፊው፣ ቆዳ እንዳያበጅ ፕላስቲክ መሸፈኛ ፊቱ ላይ አስነኪ።

የመስመጡ ነገር፦ ክሬሙ ቢያንስ 2 ሰዓት ፍሪጅ ይቆይ፣ ብርቱካኑም ጣትሽ የማይሰማው ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ገና የሚፈስ ሆኖ ይፍሰስ። ትኩስ ከሆነ ክሬሙን ያቀልጣል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ጓል ጓል ሆኖ ይወርዳል። የማንኪያ ጀርባ ላይ አፍስሺና ይውረድ፤ በአንድ ቦታ ከወረደ ይቦረቡራል። ከዚያ ሌላ 4 ሰዓት፣ ቢያድር ይመረጣል።

ጌጡን፣ ማለትም የብርቱካን ቁራጩን፣ ሳይቀርብ በፊት አድርጊው፤ በፎጣ ወረቀት አድርቀሽ። ካደረ ውሃ ይተፋል።

ቀዝቃዛ ሳህን
ፍሪዘር የምታስቢ ካለሽ ሥሩና ክሬሙ ይችላሉ፤ በስታርች የረጋው ብርቱካን ግን በረዶው ሲቀልጥ ውሃ ይለቃል፤ ስለዚህ እሱን ከፍሪዘር ከወጣ በኋላ አፍስሺ። በፍሪጅ 3 ቀን ይቆያል። ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቀኑ በጣም ከሞቀ 1 ሰዓት።

ስትቆርጪ ረጅም ቢላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ጥረጊ፣ ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች ጫኚ፤ አትገዝግዢ። በየቁራጩ ጥረጊው። የመጀመሪያው ቁራጭ መሰበሩ አይቀርም፣ እሱን ለራስሽ ያዢ።