የጃክ ዘ ሪፐርን ስም ሁሉም ያውቃል፤ የሴቶቹንስ? «ዘ ፋይቭ»ን ያነበባችሁ ኑ እስቲ

የፒያሳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የሃሊ ሩበንሆልድን «ዘ ፋይቭ» ያነበበ አለ? በ2019 የወጣ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ የቤይሊ ጊፎርድን ሽልማትም ወስዷል። በ1888 ለንደን ዋይትቻፕል ውስጥ ስለተገደሉት አምስት ሴቶች ነው። ጃክ ዘ ሪፐር ስለሚባለው ገዳይ ምንም የለውም፣ ስለ እነሱ ኑሮ ብቻ። እኔ ገና ግማሹ ላይ ነኝ። ጸሐፊዋ ከአምስቱ ሦስቱ ሴተኛ አዳሪ ስለመሆናቸው ማስረጃ የለም ትላለች። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግራት «ቢሆኑስ ኖሮ ሞታቸው ይቀል ነበር እንዴ? ይሄን ያህል መከራከር ለምን አስፈለገ?» ብላ አፋጠጠችኝ፣ መልስ አጣሁ። የጨረሳችሁት ምን ትላላችሁ? ደግሞ ማታ ማታ ነው የማነበው፣ ወደ ኋላ ላይ ደም ደሙን መተረክ ይጀምራል ወይ?

ሻይ_በእጄ
ደሙን እርሺው የኔ እህት፣ የለበትም። ግድያው ጋ ሲደርስ ምዕራፉ ያልቃል።
እኔን የያዘችኝ ከአምስቱ ኬት ኤዶስ ናት። አባቷ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነበር። ከመሞቷ በፊት አብሯት ከሚኖረው ከጆን ኬሊ ጋር ኬንት ድረስ ሄደው የቢራ ጌሾ ለቅመው፣ እዚህ ግባ የሚባል ነገር ሳይዙ ለንደን ተመለሱ። ከዚያ የሱን ጫማ መያዣ አስያዙና ምግብ፣ ሻይና ስኳር ገዙ። አስከሬኗ ሲፈተሽ ፖሊስ ዕቃዋን አንድ በአንድ መዝግቦታል፤ ሻይ በትንሽ ቆርቆሮ፣ ስኳር በሌላ ቆርቆሮ፣ ቁርጥራጭ ሳሙና፣ ማበጠሪያ፣ አንድ ቀይ ጓንት፣ የጫማው የመያዣ ደረሰኝ። ቤት ስለሌላት ቤቷን በኪሷ ይዛ ነው የምትዞረው ማለት ነው። እዛ ዝርዝር ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ማስረጃ_የታለ
መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ ግን ጸሐፊዋ አንዳንድ ቦታ ማስረጃውን ወደ ራሷ ትጎትታለች። ፖሊ ኒኮልስን ውሰዱ። የተገደለች ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በኛ አቆጣጠር፣ አንዲት አብራት ታድር የነበረች ሴት መንገድ ላይ አግኝታታለች። ፖሊ የአልጋዋን ሂሳብ በዚያን ቀን ሦስት ጊዜ አግኝታ ሦስቴም እንደጠጣችበት ነግራታለች። ሰክራ መቆም ያቃታት ሴት በዚያ ሰዓት ገንዘቡን ከየት ነው የምታመጣው? ለምና ሊሆን ይችላል፣ እሺ፣ ግን ሌላውንም መንገድ መዝጋት አይቻልም። ኤልሳቤጥ ስትራይድ ደግሞ ስዊድን እያለች፣ በ1865፣ ዬተቦሪ ፖሊስ መዝገብ ላይ ሴተኛ አዳሪ ተብላ ገብታለች። ይሄን መጽሐፉም አይክደውም።
ጓደኛሽ ልክ ናት ባይ ነኝ።

ሻይ_በእጄ
@ማስረጃ_የታለ ያልከው ይገባኛል። ግን ነገሩን ገልብጠህ እየው እስቲ፤ ማስረጃ ማምጣት ያለበት «ነበረች» ያለው ነው እንጂ «አልነበረችም» ያለው አይደለም። በ1887 አንዲት ልብስ ሰፊ ዝም ብላ መንገድ ላይ ስትሄድ ፖሊስ በሴተኛ አዳሪነት ይዟት ለንደን ታመሰች፤ ከዚያ በኋላ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ራሷ ካላመነች ወይ ፍርድ ቤት ካልፈረደባት ማንንም ሴት በዚህ ስም እንዳትጠሩ ብሎ አዘዘ። ዓመት ቆይቶ እነዚህ ሲሞቱ ጋዜጣው ማንን ጠይቆ ነው የለጠፈባቸው? አራት ፔኒ ለአልጋ ያጣች፣ ባሏን የተወች፣ የምትጠጣ፣ በቃ እሷ ያች ናት! ተባለ።
አኒ ቻፕማን እኮ የጋሪ ነጂ ሚስት ነበረች፣ ባለቤቷ ዊንድዘር አካባቢ አንድ ሀብታም ቤት ተቀጥሮ ጥሩ ኑሮ ይኖሩ ነበር። መጠጡ ነው ያወጣት። ከተለያዩም በኋላ በሳምንት አሥር ሺሊንግ ይቆርጥላት ነበር፤ በ1886 ሲሞት እሱም ቀረ። ከዚያ በኋላ በእጇ ዳንቴል እየሠራች፣ አበባ እየሸጠች ነበር የምትኖረው። ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠፋ ነው የሚያናድደው። ስለ ሥራው ክብር አይደለም ክርክሩ።

ከፖፕላር
እኔ እዚሁ ምሥራቅ ለንደን ነኝ። ስትራይድና ባሏ ቡና የሚሸጡበት ቤት የነበራቸው እኛ ሰፈር ነው፣ ከመጽሐፉ በፊት ግን ሰምቼው አላውቅም። የምንሰማው የማታ አስጎብኚዎቹን ነው፤ ሃያ ሠላሳ ቱሪስት አሰልፈው «እዚህ ጋ ነው የታረደችው» እያሉ ፎቶ ያስነሳሉ። በ2015 ደግሞ ኬብል ስትሪት ላይ የምሥራቅ ለንደን ሴቶች ታሪክ ሙዚየም ሊከፈት ነው ተብሎ ፈቃድ ወጣ፣ መጋረጃው ሲገለጥ የጃክ ዘ ሪፐር ሙዚየም ሆኖ ቁጭ! የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ተቃወመ። እኔ አልገባሁበትም፣ አልገባምም።
ለጓደኛሽ ክርክር ብዙ አልጨነቅም። ዋይትቻፕል ጎዳና ላይ ዛሬም በሌሊት ደረጃ ላይ የሚተኙ ሴቶች አያለሁ፤ የሚያልፈው ሰው ምን ብሎ እንደሚያስባቸው ደግሞ ከፊቱ ያስታውቃል።

የፒያሳዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጓደኛዬንም ወደዚህ እልካታለሁ፣ ከናንተ ጋር ትሟገት 😂 አንድ ጥያቄ ብቻ። ስለ ድሃ ሴት ይሄን ያህል ዝርዝር ከየት ተገኘ? ፈጠራ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ማስረጃ_የታለ
ድሃ ስለሆኑ ነው የተገኘው፣ ይገርማል። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ መጠጊያ የለኝም ብሎ የድሆች ማደሪያ በር ያንኳኳ ሰው ይመዘገብ ነበር፤ ባል አለሽ ወይ፣ የት ተወለድሽ፣ ትናንት ማታ የት አደርሽ ይባል ነበር። እሱ፣ የቆጠራ መዝገቡ፣ የጋብቻ መዝገቡ፣ የአሟሟት ምርመራው ሲደመር መጽሐፍ ይወጣዋል። እንዲያውም የሦስቱ ምርመራ ዋናው ሰነድ ጠፍቶ ያለን ጋዜጣ ላይ የታተመው ነው፤ ጋዜጦቹ ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም። ለዚህ ነው ጥርጣሬ የማበዛው።
የመጨረሻዋ ሜሪ ጄን ኬሊ ጋ ስትደርሺ ግን ክፍተቱ ብዙ ነው። ሊመሪክ ተወለድኩ፣ ዌልስ አደግኩ ብላ ለሰው ከተናገረችው በቀር የሚጨበጥ ነገር የለም፣ ስሟም የራሷ መሆኑ አይታወቅም። ጸሐፊዋ አሳጠረችው ብለሽ እንዳትቀየሚያት።